ከአናቱ ትንሽ ወደ ቀኝ

አባቴን በሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከዋናው ሐኪም ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም «ጋሽ እንፋሎት» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ቦይለር ሲጠብቅ ኖሮ ሸሚዙም ፀጉሩም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እናቴ «ብቻዬን ተዳርኩ ብዬ ስመጣ ጣውንቴ ቦይለር ሆና ጠበቀችኝ» እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። እሷም ብትሆን ከጣውንቷ አልራቀችም። ከቦይለሩ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰነው ላውንደሪ ውስጥ፣ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር፣ የበሽተኞቹን አንሶላ ትተኩሳለች። አባቴ ከግድግዳው ወዲህ ውሃ ያፈላል፤ እናቴ ከግድግዳው ወዲያ በዚያው እንፋሎት ትሠራለች። ግድግዳው የአንድ ጡብ ውፍረት ነው።

ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሁለት ጣታቸው በእንፋሎት ተቀቅሎ የተኮማተረ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ልጄ፣ ትፈራለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ኧረ እኔ ምን ያስፈራኛል!» አለ፤ ወጣት ነበር።

«እንግዲያው ነገ እንዳትመጣ» አሉት።

በማግስቱ ሄዶ «እፈራለሁ» አላቸውና ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ያን ፍርሃት እንደ መፍቻና እንደ ጓንት የሥራ ዕቃው አድርጎ ያዘው። ውሃው መጉደሉን ሁለት ጊዜ ያያል፤ ቧንቧ ሲያፏጭ ምግቡን ትቶ ይነሣል። እቤትም ድስት ሲንተከተክ ክዳኑን ከፈት አድርጎ የሚያልፍ ሰው ነበር።

ቦይለሩ ላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ የሣህን ያህል ክብ የግፊት መለኪያ አለ። ከዜሮ እስከ አሥር የተጻፈበት ነው፤ የሚለካውም ባር በሚባል የግፊት መስፈሪያ። የቦይለሩ አቅም ሰባት ባር መሆኑ ገላው ላይ በተመታው የናስ ሰሌዳ ተቀርጿል። ግን ማንም እስከ ሰባት አያደርሰውም፤ ስድስት ሲሞላ እሳቱ ይጠፋል፣ ወደ አምስት ሲወርድ ይለኮሳል። በራሱ ያጠፋና ያበራ የነበረው መሣሪያ ከተበላሸ ዓመታት ስላለፉ ይህ ሁሉ የሚሠራው በእጅ ነው።

ታዲያ በዚያ ክፍል ቁጥር የሚያነብ አልነበረም። አምፖሉ ደብዛዛ ነው፣ መስታወቱ ያልበዋል፣ ቁጥሮቹም በቅባት ጠፍተዋል። ስለዚህ አባቴ ድሮ የእናቴን የጥፍር ቀለም ወስዶ በመስታወቱ ላይ፣ በስድስት ትይዩ፣ ቀይ መስመር አሰመረ። ቦታው ከአናቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። መርፌው ቀዩን ሲነካ ታጠፋለህ፤ ወደ አናቱ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ትለኩሳለህ። ከሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ሥራውን የተማረው እንዲህ ነው። አባቴ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ነበር። ግን እሱም ቢሆን ከጊዜ ብዛት ቀለሙን እንጂ ቁጥሩን ማየት ትቷል።

ሌላም መጠበቂያ ነበር፤ ሴፍቲ ይሉታል። ግፊቱ ሰባትን ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ፣ እየጮኸ፣ እንፋሎቱን በጣራ በኩል የሚያስወጣ ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ ከሦስት ወር በፊት ማንጠባጠብ ጀመረና የጥገናው ሠራተኛ መጥቶ፣ ጠብታው እስኪቆም ድረስ ብሎኑን ግጥም አድርጎ አጠበቀው።

«ይኸው፣ ዝም አለልህ» አለ ደስ ብሎት።

«እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ማለቱ ነው» አለ አባቴ። በተረኛ መዝገቡ ላይም ጻፈው፣ ለኃላፊውም ነገረ። «ይታያል» ተባለ። ይታያል የተባለ ነገር የማይታይ መሆኑን መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ያን ቀን የአባቴ ተራ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ነበር፤ የእናቴ ደግሞ ከስምንት እስከ ማታ። ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የመለኪያው መስታወት ተሰነጠቀና መርፌው አንድ ቦታ ተጣብቆ ቀረ። የጥገናው ሠራተኛ ከዕቃ ግምጃ ቤት አዲስ ይዞ መጣ፤ በመጠን ካሮጌው እኩል፣ የሚያብለጨልጭ። የመለኪያውን ቧንቧ ዘግተው አሮጌውን ፈቱ፣ አዲሱን ገጠሙ። አባቴ የጥፍር ቀለሙን ብልቃጥ ከመሳቢያ አወጣ። አሮጌውን መለኪያ ከአዲሱ ጎን ይዞ እያስተያየ፣ በዚያው ቦታ ላይ አሰመረ፤ ከአናቱ ትንሽ ወደ ቀኝ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ካሮጌው የቀና መስመር ወጣለት።

ቧንቧውን ሲከፍቱት መርፌው ተነሣና ገና አናቱ ላይ ሳይደርስ ወደ ግራ እንደተጋደመ ቆመ።

«አየኸው?» አለው ለሚተካው ተረኛ። ተረኛው ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ «ኮርማው» የሚሉት ሰው ነው። «ስንነካካው እንፋሎቱን አወረድነው። እሳት ጨምርበት።»

«ምልክቱስ?»

«ምልክቱ ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ምን ቸገረኝ። ሂድ ጋሼ፣ ጎማህም ተንፍሷል፣ ሳይመሽብህ።»

የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ከጠዋት ጀምሮ ተንፍሶ ነበር። አባቴ ቁልቁለቱን እየገፋ ወርዶ ከታች ካለው ጎሚስታ ደረሰ። ሦስት ደንበኞች ቀድመውት ስለነበር ተራ ጠበቀ። ጎሚስታው ሥራውን በእጁ፣ ገበያውን በአፉ የሚይዝ ሰው ነው።

«ጋሽ እንፋሎት! ያን ሁሉ ግፊት ታቅፈህ እየዋልክ ንፋስ ልትገዛ እኔ ዘንድ ትመጣለህ? እዚያው ነፍተኸው ብትወጣ ምን ነበረበት?»

«የኛው ጎማህን ይቀቅልልሃል።»

ጎሚስታው ጎማውን አውልቆ ለጠፈ፣ ነፋ፣ ከዚያ ትንሿን መለኪያ አፉ ላይ ሰካ። አባቴ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያያል። በመለኪያዋ ፊት ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፤ አንዱ በውጪ፣ አንዱ በውስጥ።

«ስንት ሆነ?»

«በየትኛው ልንገርህ? በባር ሦስት፤ በፒኤስአይ አርባ ሦስት ተኩል።»

«ሁለት ዓይነት ነው?»

«ንፋሱ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት። ያንዱ መኪና መጽሐፍ በዚህ ይላል፣ የሌላው በዚያ። አንዷን ባር በአሥራ አራት ተኩል ታበዛታለህ፣ አለቀ። ባለፈው አንዱ ሹፌር መጥቶ ‹ሠላሳ ባር ሙላልኝ› አይለኝም! ሰውዬ፣ ሠላሳ ባር ከሞላሁልህ ጎማህን የምንለቅመው ከጎረቤት ጣራ ላይ ነው አልኩት።»

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። አዲሱ መለኪያ ከመርፌው ሥር ሦስት ትናንሽ ፊደሎች ነበሩት። አሁን፣ እዚያ ጎማ ፊት ቁጢጥ እንዳለ፣ ፊደሎቹ ወለል ብለው ታዩት፤ ፒ፣ ኤስ፣ አይ። የመጨረሻው ቁጥርም አሥር አልነበረም፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር። «በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያነበብኩት ግን ጎሚስታው ዘንድ ነው» ይል ነበር በኋላ።

የጎማ ምልክት ማድረጊያውን ጠመኔ ከጎሚስታው እጅ ወስዶ ሲሚንቶው ላይ ይጽፍ ጀመር። ቀዩን መስመር ያሰመረበት ቦታ መቶ ሃምሳ ላይ ነው። መቶ ሃምሳ ለአሥራ አራት ተኩል ሲካፈል አሥር ደርሶ ይተርፋል። ከአሥር ባር በላይ፣ ሰባት ለሚችል ቦይለር። ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ ተጋድሞ የቆመውን መርፌ አስታወሰ። ሰባ ሁለት ገደማ ላይ ነበር። እሱንም አካፈለው፤ አምስት ሆነ። እንፋሎቱ አልወረደም ነበር። መሆን ባለበት ቦታ ላይ ነበር። እሱ ግን እሳት ጨምርበት ብሎ ወጥቷል።

ጎሚስታው «ጋሽ እንፋሎት፣ ምን ሆንክ? አመድ መሰልክ እኮ» አለው።

ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ተሻግሮ ስልኩን አነሣ። የሆስፒታሉ ስልክ ላይ ያለችው ሴት ድምፁን አወቀችው።

«ቦይለር ክፍል አገናኚኝ።»

«ምን ነካህ ጋሽ እንፋሎት፣ ቦይለር ክፍል መቼ ስልክ አለውና!»

«ላውንደሪን።»

«እሱ ከተበላሸ ወር አለፈው። መልእክተኛውን ወደ ፋርማሲ ልኬዋለሁ፤ ሲመለስ ልንገረው?»

«አሁን! ራስሽ ሂጂ! እሳቱን አጥፋው በይው!»

«ስልኩን ለማን ትቼ?»

መልሱን አልሰማችም። እጀታው በገመዱ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ብስክሌቱ ጎማው ወልቆ ተኝቷል። አባቴ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነበር። ዳገቱን በሩጫ ወጣው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ፊቱን ትወጋዋለች፤ ሰዎች ከሱቅ ደጃፍ «ሌባ ነው እንዴ የሚያባርረው?» ይባባላሉ። እሱ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጣራዎቹ በላይ ብቅ ያለውን የቦይለሩን ጭስ ማውጫ። ጥቁር ጭስ ካለ እሳቱ አልጠፋም ማለት ነው። ጥቁር ነበር። ጭሱ እያለ ሕንፃውም አለ ማለት ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ወዲያው ደግሞ፣ ጭሱ እያለ እሳቱም አለ፣ እሳቱም እያለ መርፌው እየወጣ ነው። አንድ የጭነት መኪና የኋላ መዝጊያውን ሲያላጋው አባቴ ፈነዳ ብሎ መንገድ መካከል ጆሮውን ይዞ ተቀመጠ። ተነሥቶ አየ፤ ጭስ ማውጫው እንደቆመ ነው። እንደገና ሮጠ። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና እያለ ቁጥሩን ከእርምጃው ጋር ይቆጥራል፤ በያንዳንዱም ፊቱ ላይ የሚመጣው ያ የአንድ ጡብ ግድግዳ ነው።

በር ጠባቂው «ምን ረሳህ ጋሽ እንፋሎት? ምሳ ዕቃህን?» አለው። ሳይቆም አለፈው።

ከግቢው በስተኋላ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሁለት በሮች አሉ። መጀመሪያ የሚገኘው የላውንደሪው ነው። የቦይለሩ ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። የላውንደሪው በር ገርበብ ብሎ ነበር። የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል፤ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ በመካከሉም እናቴ ስለ አንድ የተቃጠለ አንሶላ ስትነታረክ ሰማት። እዚያ ቆሞ ቢጠራ፣ አሥራ ሁለት ሴት ምን ሆነ እያለ እስኪጠይቅ፣ እስኪያምን፣ ነጠላና ቦርሳ እስኪፈልግ፣ እሳቱ እየነደደ ይቆያል። እግሩ ግማሽ እርምጃ ያህል ተያዘ። ከዚያ በሩን አለፈው።

ኮርማው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። መርፌው መቶ አርባ ላይ ነው።

«ጋሼ! በሰዓቱ መጣህ። ዛሬ እንዴት ሰነፍ ሆኗል መሰለህ፣ ግን ትንሽ ነው የቀረው። አሥር ደቂቃ ስጠው፣ ምልክቱን ይነካልሃል።»

አባቴ ናፍጣውን እየረጨ በሚያነደው በርነር ላይ ተጠመጠመ፣ እሳቱን አጠፋ፣ ናፍጣውን ዘጋ። የበርነሩ ጩኸት ቀጥ ሲል ክፍሉ ከበፊቱ ይልቅ አስፈሪ ሆነ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቦይለሩ ከሆዱ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ብረቱ ሲለጠጥ የሚያሰማው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ። ሴፍቲው ግን ትንፍሽ አላለም።

«ወርዷል ያልኩህ አልወረደም ነበር። ቁጥሩ ሌላ ነው» አለ። «አሁን ከዘጠኝ ተኩል ባር አልፏል።»

ኮርማው ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። እሳቱ ጠፍቶም መርፌው ከመቶ አርባ ወደ መቶ አርባ ሦስት ወጣ። በቦይለሩ ውስጥ የጋለው ጡብ ገና ሙቀቱን እየሰጠ ነበር።

«ሴቶቹን አስወጣ» አለ አባቴ። «አታስደንግጣቸው። እንፋሎት የሚሄድበትንም ቫልቭ አንዳቸውም እንዳይነኩ።»

«አንተ ሂድ ጋሼ። ሚስትህ እዚያ ናት። እኔ እዚህ እሆናለሁ።»

«መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ...»

«ሂድ ብዬሃለሁ!»

ብቻውን ቀረ። ወደ ጣራ የሚወጣው ማስተንፈሻ ቫልቭ አለ፤ በድንገት የተከፈተ እንደሆነ ግን ውሃው ተገለባብጦ ቧንቧውን ሊሰብር ይችላል። ወደ ላውንደሪውም መልቀቅ አይቻልም፤ እዚያ ያሉት ማሽኖች ለዚህ አልተሠሩም። ስለዚህ መዘውሩን በጣት ውፍረት ከፈተ። ጠበቀ። ጣራው ላይ ፉጨት ተሰማ። እንደገና በጣት ውፍረት። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ለመጥረግ ግን እጁን ከመዘውሩ ማንሣት ፈራ። ያ የፈራበት ቀን ሁሉ ልምምድ ነበር ማለት ይቻላል። መቶ አርባ አንድ። ሩብ ሰዓት ይሁን አንድ ሰዓት አላወቀም። መቶ ሠላሳ፤ ዘጠኝ ይሆናል። መቶ አሥራ ስድስት፤ ስምንት። ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ በሁለቱም ቋንቋ፣ ዳግመኛ እንዳይሳሳት። መቶ አንድ ተኩል ላይ ሰባት ብሎ ቆመ። ሰማንያ ሰባት ላይ ሲደርስ፣ ስድስት አለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሴቶቹ ውጪ ካለው የልብስ ማስጫ ሥር ተሰብስበው አገኛቸው። እናቴ ጫፉ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ አንሶላ ይዛለች። ማሽኑ ከመጠን በላይ ግሎ ሁለት አንሶላ ስለበላባት ተናዳ፣ ወደ እሷ የሚመጣውን እንፋሎት በገዛ እጇ አጥብባው ነበር። የሚወጣው ሲጠብ ደግሞ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ቶሎ ይከማቻል። ይህን ስትሰማ አንሶላውን ጣለችው።

በዚያው ቀን አባቴ በተረኛ መዝገቡ ላይ የሆነውን ሁሉ ጻፈ፤ «ስሕተቱ የእኔ ነው» ብሎ ፈረመበት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ሦስት ወር ሙሉ «ይታያል» ሲባል የከረመው ሴፍቲ በሦስት ቀን ተቀየረ። መለኪያው ግን በግምጃ ቤት ሌላ ስለሌለ እዚያው ቀረ። አባቴ ቀለሙን በምላጭ ፍቆ አነሣውና ብልቃጡን ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። በምትኩ በካርቶን ላይ ከአንድ እስከ አሥር ባር ያለውን በፒኤስአይ፣ ከዚያም በሦስተኛው መስፈሪያ በኪሎ ፓስካል፣ በትልልቁ ጽፎ መለኪያው ሥር ሰቀለ። ኮርማውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ አስጠናው።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ያለ መለኪያው ስም ከተነገረው አይቀበልም። ካረጀ በኋላ እንኳ ደሙን የለካችው ነርስ «አባባ፣ መቶ ሰባ ነው፣ ከፍ ብሏል» ስትለው «መቶ ሰባ ምን?» ብሎ አፋጠጣት። ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መሆኑን ስትነግረው ጣቱን አጣጥፎ ቆጠረና «ሩብ ባር እንኳ አይሞላም! በዚህ የሕፃን ብስክሌት ጎማ አይነፋም» አላት። ነርሷ ሳቀች። እሱ ግን ክኒኑን አንድ ቀን አላጓደለም።

ወደዚያው ሳምንት ልመለስ። እናቴ ሦስት ቀን ምንም አላለችም። በአራተኛው ቀን፣ እራት ላይ፣ ሳህኑን ስታቀርብለት ጠየቀችው።

«በእኔ በር ነው ያለፍከው?»

«በሱ ነው ያለፍኩት።»

«ሰምተኸኛል?»

«ስለ አንሶላው ስትጨቃጨቂ ሰምቻለሁ።»

«እና አለፍክ።»

«ቆሜ ብጠራሽ ኖሮ እንዲህ ቁጭ ብለን አናወራም ነበር።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ደግሞም ላይሆን ይችላል። አላውቅም። ብጠራሽ ትወጪ ነበር፣ እሱም ሳይፈነዳ ይቆይ ነበር ይሆናል። ቀን በቀን የምቆጥረው እሱን ነው።»

 «እኔ ብሆን ማለፍ አልችልም ነበር» አለች እናቴ። «ባለማለፌም ሁላችንም እንሞት ነበር። ይህን አውቄ እንኳ ይቆረቁረኛል፣ ምን ላድርግ?»

«ይቆርቁርሽ» አለ አባቴ። «እኔንም ይቆረቁረኛል።»

በማግስቱ ሥራ ልትገባ ሩብ ሰዓት ሲቀራት በቦይለሩ ክፍል በር ላይ ቆመች። ገብታ የማታውቅበት ክፍል ነው። መለኪያው ፊት ሄዳ፣ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች። «ሰማንያ።» አባቴ «አምስት ተኩል» አላት። በካርቶኑ ላይ በጣቷ ተከትላ አረጋገጠችና ወደ ላውንደሪዋ ሄደች። እሷ በሯን ዘግታ እስክትገባ አባቴ በርነሩን አልነካም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ተራቸው በተገናኘ ቀን ሁሉ እንዲህ አደረጉ። አንድ ቀን ኮርማው አላስችል ብሎት «እትዬ፣ ይህን ያህል ዓመት ባልሽን አታምኚውም?» አላት።

«እኔማ አምነዋለሁ» አለችው፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል። «ራሱን የማያምነው እሱ ነው። ለሱ ብዬ ነው የማነበው።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ዘወር አላለም። መርፌውን እያየ «ስንት አልሽኝ?» አላት።